ከጉዞው በፊት ያለው ጉዞ
በሊማሊሞ ግርጌ የሚቆም መንገደኛ ምን ይጠብቃል?



ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የገባ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ላይ ተጉዟል ማለት ነው። ከደባርቅ ትንሽ እልፍ እንዳለ ግን ምድሩ ከእግሩ ሥር ይጎድላል። ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያኖች ሀገራችንን በወረሩበት ዘመን የቆረጡት መንገድ ገደሉን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ደጋ ላይ የተደረበው ጋቢ በግማሽ መንገድ ይወልቃል። ታች ሲደረስ ድብ ባሕር ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ዛሬማና አዲ አርቃይ፣ ከዚያም ተከዜና ትግራይ።

ድብ ባሕር ላይ ቆሞ ሽቅብ ለተመለከተ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ይህን አቀበት በእግሩ የወጣው፣ በበቅሎ የወጣው፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ በብስክሌት የወጣው ሰው ከመነሳቱ በፊት እዚህ ቆሞ ምን ያደርግ ነበር? ውሃውን ይሞላል፤ ጭነቱን ያጠብቃል፤ የጫማውን ክር ያስራል፤ የመንገዱን ወሬ ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ይጠብቃል። ፀሐይ እስኪበርድ፣ ጓደኛ እስኪደርስ፣ አንዳንዴም ልቡ እስኪቆርጥ።

ስለ ታላላቅ ጉዞዎች ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተወርቷል። ስለ መነሻው ዋዜማ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፋችን ትኩረታችን በዚያ በተረሳው ክፍል ላይ ይሆናል። ረጅም መንገድ፣ በተለይም በብስክሌት ድንበር ተሻግሮ ለመሄድ የሚነሳ ሰው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምን ያደርጋል? ቤት የሚቀሩትስ ምን ይሆናሉ?

ተከዜ እስኪጎድል

በድብ ባሕርና በሊማሊሞ የሚያልፈው መስመር አዲስ አይደለም። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ ወደብ በአድዋና በአክሱም፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚገባው የነጋዴ መንገድ ይኸው ነበር። ይህን ንግድ በአብዛኛው ያንቀሳቅሱ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በተላለፈው ውሳኔ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በጎንደር ግርጌ የሚገኘው አዲስ ዓለም የእነዚያ ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። ከዚያ ሰፈር ተነስቶ እስከ ቀይ ባሕር የሚሄድ ሲራራ በፈለገው ቀን ውልቅ ብሎ አይወጣም ነበር።

ለምን ቢሉ ክረምት አለ። ተከዜ ሲሞላ አያሻግርም። ስለዚህ ነጋዴው ክረምቱን ከቤቱ ተቀምጦ በቅሎውን ያደልባል፤ ቆዳና ልጓሙን ያሰፋል፤ ዕዳውን ይከፍላል፤ አብሮት የሚወጣውን ሰው ይመርጣል። መስከረም ጠብቶ ወንዙ እስኪጎድል ያለው ጊዜ የሥራ ፈት ጊዜ አልነበረም። ብቻውን የሚወጣ ሰው በሽፍታ እጅ ስለሚወድቅም ሲራራው ተሰብስቦ እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነበር። በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥም አስቀድሞ ተሰልቶ ይያዛል።

በዚህ መንገድ የሚያልፈው ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነስተው በእግራቸው ወደ መካ የሚሄዱ፣ በእኛ አካባቢ “ተክሩር” የሚባሉት ሑጃጆችም ነበሩ። በመተማና በጋላባት ሰፍረው የቀሩ ወገኖቻቸው ለዚህ ምስክር ናቸው። በ1814 በሸንዲና በሱዋኪን በኩል ወደ ጅዳ የተሻገረው ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት እንደመዘገበው፣ ከእነዚህ ሑጃጆች አንዳንዶቹ ከሰናር ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ የሚወስደውን መንገድ ይከተሉ ነበር። እንግዲህ ካርታው ፊታችን ተዘርግቶ ስናየው መንገዳቸው ሊማሊሞን ወርዶ በድብ ባሕር በኩል የሚያልፈው ነው።

እነዚህ ሰዎች ስንቃቸው ትንሽ፣ ጊዜያቸው ግን ብዙ ነበር። ገንዘብ ሲያልቅባቸው በደረሱበት ከተማ የቀን ሥራ ይሠራሉ፤ የሚጽፍ ይጽፋል፤ የሚሸከም ይሸከማል። ለቀጣዩ መንገድ የሚበቃ ሲያገኙ ይነሳሉ። ስለዚህ ከቤቱ ወጥቶ መካ እስኪደርስ ዓመታት የፈጀበት ሐጃጅ ብርቅ አልነበረም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅዳ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ያንን የዓመታት መንገድ ስናስታውስ የእነዚያ ሰዎች ሐጅ ግማሹ በመጠበቅ የተሠራ እንደነበር እንረዳለን።

ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀችው ሴት

አሁን ወደ ብስክሌት እንምጣ። የምንተርክላችሁ ስለ አንዲት አየርላንዳዊት ነው። ሃይማኖቷ ከእኛ የተለየ ቢሆንም በታሪኳ ውስጥ ለማንኛውም ቤተሰብ የሚሆን ቁም ነገር አለ፤ በዚያም ላይ የእኛን ተራራ በእግሯ የረገጠች ናት።

ዴርቭላ መርፊ በ1931 በአየርላንድ፣ ሊዝሞር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አሥር ዓመት ሲሞላት ወላጆቿ ያገለገለ ብስክሌት ሰጧት፤ አያቷ ደግሞ የዓለም ካርታ መጽሐፍ ላኩላት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጅቷ በከተማዋ አቅራቢያ ያለ ዳገት በብስክሌቷ ስትወጣ እግሮቿን አየች። እነዚህ እግሮች እንዲህ እየረገጡ ቢቀጥሉ አንድ ቀን ህንድ ይደርሳሉ ብላ አሰበች፤ በዚያው ቀን ለመሄድ ወሰነች። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ትልልቆቹ እንደ ልጅ ሐሳብ ቆጥረው እንደሚስቁባት ታውቅ ነበርና።

ታዲያ መቼ ሄደች? ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ!

እናቷ በመገጣጠሚያ ሕመም ከአልጋ የዋሉ ሰው ነበሩ። ዴርቭላ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ትምህርቷን አቁማ እናቷን ለማስታመም ቤት ቀረች። የወጣትነት ዘመኗ በዚያ ቤት አለፈ። በመሃል ጥቂት ሳምንት ባገኘች ቁጥር ብስክሌቷን ይዛ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስፔንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ሀገሮች አጫጭር ጉዞዎች አድርጋለች። እነዚያ ጉዞዎች ለትልቁ መንገድ ልምምድ ሆኗት። አባቷ በ1961 አረፉ፤ እናቷ በ1962። በጥር 1963 ዴርቭላ ብስክሌቷን ይዛ ከሰሜን ፈረንሳይ ጠረፍ ተነሳች።

ያ ክረምት በአውሮፓ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ዓይነት ብርድ የወረደበት ነበር። እሷ ግን የመጨረሻ ዝግጅቷን ጨርሳለች። የብስክሌቷ ማርሽ በድንጋያማ መንገድ ላይ ተሰብሮ መፍትሔ እንዳያሳጣት አስቀድማ አስወልቃዋለች፤ የተለወጠ ነገር ከሚበላሽ፣ ቀላል ነገር ይሻለኛል ብላ ማለት ነው። መለዋወጫ ጎማዎችን በመንገዷ ላይ ወደሚገኙ ከተሞች በፖስታ አስቀድማ ልካለች። ትንሽ ሽጉጥ ይዛ መተኮስ ተለማምዳለች፤ በዩጎዝላቪያ በረዶ ውስጥ ተኩላ ሲመጣባትም ጠቅሟታል። በቱርክ፣ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አቋርጣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዴልሂ ገባች። በእነዚያ የሙስሊም ሀገሮች የተደረገላትን መስተንግዶ፣ በተለይም የአፍጋኒስታንን ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነት፣ በመጽሐፏ አመስግና ጽፋለች።

በታህሳስ 1966 ደግሞ ምጽዋ ወረደች። በዚህ ጊዜ ብስክሌት አልያዘችም፤ የሰሜን ተራሮችን ካርታ ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። በእግሯ ተነስታ፣ ኋላም በትግራይ በስጦታ ካገኘቻት በቅሎ ጋር ሰሜንን አቋርጣ በደባርቅ በኩል ጎንደር ገባች፤ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ዘለቀች። በ2022 በዘጠና ዓመቷ እዚያው በተወለደችበት ከተማ አርፋለች።

ከዚህ ታሪክ እኛ የምንወስደው ትምህርት ጀግንነቱን ብቻ አይደለም። ሃያ አንዱን ዓመት ነው። ሕልሟን አልጣለችም፤ እናቷንም አልጣለችም። ወላጆቻቸውን ለመጦር ሲሉ ጉዟቸውን ያዘገዩ ሰዎች ጉዳይ በሃይማኖታችንም የታወቀ ነው። ለትልቅ ነገር ለመዝመት ፈቃድ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወላጆቹ በሕይወት እንዳሉ ጠይቀው ወደ እነሱ አገልግሎት እንደመለሱት የማያውቅ የለም።

የብስክሌቱ ጉዳይ

ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። ረጅም መንገድ ሊሄድ የተነሳ ብስክሌተኛ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውሎው ከጎሚስታና ከብስክሌት ጠጋኝ ጋር ነው። የሚያውቁት ሰዎች የሚመክሩት በአጭሩ ይህን ይመስላል።

በመጀመሪያ ጎማ። አዲስ ጎማ ገዝቶ በማግስቱ መነሳት አይገባም፤ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ተነድቶ መፈተን አለበት። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ የእጅ መንፊያ ይያዛል። ቀዳዳን በራስ እጅ መጠገን ያልተማረ ሰው ከጠጋኝ ርቆ መሄድ የለበትም።

ቀጥሎ ቸርኬና ራጂ። ጭነት የሚያርፈው በኋላ እግር ላይ ስለሆነ የሚበጠሰውም በአብዛኛው የኋላው ራጂ ነው። የላላው ይጠብቃል፤ ጥቂት ትርፍ ራጂም ከብስክሌቱ አካል ጋር ይታሰራል። ሰንሰለቱ ያረጀ ከሆነ አብሮት ጥርሱንም ስለሚበላ አስቀድሞ መቀየሩ ይረክሳል።

ሦስተኛ ፍሬን። እንደ ሊማሊሞ ባለ ቁልቁለት ላይ ዳገቱ ከሚገድለው ቁልቁለቱ የሚገድለው ይበዛል። ፍሬን ያለ ማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ ጎማው ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ልባም ብስክሌተኛ ሲወርድ እየያዘ እየለቀቀ ይወርዳል፤ በየመካከሉ ወርዶ ያበርዳል። የፍሬኑ ላስቲክ ከመነሻው በፊት ይቀየራል።

አራተኛ ጭነት። እዚህ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ከመነሳት በፊት ሁሉም ነገር አስፈላጊ ይመስላል። የሚበጀው ጭነቱን በሙሉ አስሮ፣ ዳገት ባለበት መንገድ አንድ ቀን ሙሉ ነድቶ ማየት ነው። ከዚያ ማታ ቤት ሲገባ የማያስፈልገውን ዳገቱ ራሱ ይነግረዋል። ከመሣሪያው ግን ካቻቢቴና የብሎን መፍቻ አይቀሩም።

አምስተኛ ስንቅ። ስለዚህስ እናቶቻችንን ማን ያስተምራቸዋል? በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ ለመንገድ የተፈጠሩ ናቸው። ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ጉልበት ይሰጣሉ። በውሃ የተበጠበጠ በሶ ለብስክሌተኛ በፋብሪካ ከታሸገው ብዙ ነገር የሚያንስ አይደለም።

ሌላው ሰውነት ነው። ከመነሻው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ራስን ማድከም ስሕተት ነው። ልምምዱ ከወራት በፊት ተጀምሮ፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ ቀለል ይላል። እንቅልፍ ይጠገባል። የሚያስፈልገው ክትባት ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ቆላ የሚወርድ ሰው የወባን ነገር አይዘነጋም። ከጎንደር መተማ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ላይ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል። የደጋ ሰው ሙቀቱን ሳይለምድ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ልንዳ ቢል ይጎዳል።

ይህ መንገድ በብስክሌተኞች የታወቀ ነው። ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር የሚጓዙ የውጭ ሀገር ብስክሌተኞች በሱዳን አድርገው፣ በመተማ ገብተው፣ ዳገቱን ወጥተው ጎንደር ያርፉ ነበር። የእኛም ሀገር ልጆች ለብስክሌት እንግዳ አይደሉም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 በሜልቦርን ብስክሌተኞቿ ተወዳድረዋል። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ከዕቃው የሚቀድም ዕቃ

ይሁንና ጭነቱን ያሰረ ሁሉ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም።

በእስልምና ታሪክ ትልቁን ጉዞ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ጉዞው በድንገት የተደረገ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። አቡበክር (ረ.ዐ.) ለመሄድ ቸኩለው ሳለ እንዲቆዩ ተነግሯቸው ሁለት ግመሎችን አራት ወር ያህል እየቀለቡ ጠብቀዋል። መንገድ የሚያውቅ መሪ አስቀድሞ ተቀጥሯል፤ ያ ሰው ሙስሊም እንኳ አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅና የታመነ ግን ነበር። አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ.) ስንቁን አዘጋጅታ ማሰሪያ ብታጣ መቀነቷን ለሁለት ቀዳ አስራዋለች። ከዚያም ሦስት ሌሊት በሰውር ዋሻ ተጠበቀ፤ ፍለጋው እስኪበርድ ድረስ። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ደግሞ በመካ ወደ ኋላ ቀሩ። ለምን? ሰዎች በነቢዩ ዘንድ ያስቀመጡትን አማና ለየባለቤቱ ለመመለስ። ሊገድሏቸው የሚፈልጉ ሰዎች ንብረት ሳይቀር ተመልሷል!

ከዚህ የበለጠ የመንገደኛ ትምህርት ከወዴት ይመጣል? መጓጓዣው ተቀልቧል፤ መሪው ተመርጧል፤ ስንቁ ታስሯል፤ አማናው ተመልሷል፤ ሰዓቱም ተጠብቋል። በአላህ መመካት የሚጀምረው ግመሉ ከታሰረ በኋላ እንደሆነ የተማርነውም ከእሳቸው ነው።

ስለዚህ ሐጅ የሚወጣ ሰው የቻለ መሆን አለበት ሲባል፣ ዑለማእ “ችሎታ” የሚሉት የራስን ስንቅና መጓጓዣ ብቻ አይደለም። እስኪመለስ ድረስ ቤተሰቡ የሚበላውም ተቆጥሮ ይቀመጣል። የመንገዱ ሰላምም አብሮ ይታያል። የደረሰ ዕዳ ይከፈላል፣ ወይም አበዳሪው ይጠየቃል። ኑዛዜ ይጻፋል። የተጣሉት ይታረቃሉ። በእኛ ሀገር ሐጃጅ ከመነሳቱ በፊት ጎረቤቱንና ዘመዱን እየዞረ “አፉ በሉኝ” የሚለው በከንቱ አይደለም። ያ ዙር ከጭነቱ ሁሉ የሚከብድ ዕቃ ነው። ቪዛ አስጨርሶ፣ ገንዘብ መንዝሮ፣ ከአንድ ወንድሙ ጋር ግን ተኮራርፎ የሄደ ሰው ምን ይዞ ሄደ?

በዘመናችንም ይህን የተረዱ ተጓዦች አሉ። በ2017 ስምንት የብሪታንያ ሙስሊሞች ከለንደን መዲና ድረስ በብስክሌት ሄደው ሐጃቸውን አድርገዋል። ስድስት ሳምንት ያህል የፈጀ ጉዞ ነበር። ከመነሳታቸው በፊት ጉዞውን በጦርነት ለተጎዳው የሶርያ ሕዝብ የሕክምና እርዳታ ማሰባሰቢያ አደረጉት። ዝግጅታቸው ስለ ራሳቸው እግር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በር ላይ መጠበቅ

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚከብደው ግን ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሲያልቅ የሚመጣው መጠበቅ ነው። ብስክሌቱ ከግድግዳው ተደግፏል። ቦርሳው ተቋጥሯል። ስንቁ ተፈጭቷል። ወረቀቱ ግን አልመጣም። ወይም ድንበሩ ተዘግቷል። ሰው “መቼ ነው የምትሄደው?” ሲል ይጠይቃል፤ በሳምንቱ ደግሞ “አልሄድክም እንዴ?” ይላል።

ሺሃብ ቾቱር የተባለው የህንድ ሙስሊም በ2022 ከኬረላ ተነስቶ በእግሩ ወደ መካ አመራ። ሀገሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ የፓኪስታን ድንበር ሲደርስ ቪዛ አጣ። እዚያው ድንበሩ አጠገብ ለወራት ተቀመጠ። መራመድ የለመደ ሰው መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡት። በየካቲት 2023 ተፈቅዶለት ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ለሐጅ ደረሰ። ድንበሩን ጥሶ ቢሻገር ኖሮ ግን የት በደረሰ?

የእኛም አካባቢ መንገደኛ ይህን ያውቀዋል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት የሊማሊሞና የዛሬማ መስመር የጦር ግንባር ሆኖ ተዘግቶ ነበር። በሱዳን ደግሞ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ ተሻግሮ በሰላም ወደ ሰሜን መጓዝ የማይታሰብ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ መጠበቅ ፍርሃት አይደለም። የመንገዱ ሰላም ከችሎታ ውስጥ የሚቆጠር ነውና፣ መንገዱ እስኪከፈት ከቤት መቀመጥ ራሱ ትእዛዝን መፈጸም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ነገር ግን አንድ ሳንናገር የማናልፈው ጉዳይ አለ። መተማ ሲባል ለብዙ ቤተሰብ ትዝ የሚለው ብስክሌትም ሐጅም አይደለም። ልጃቸው ነው። አንድ ጧት ለሥራ እንደሚወጣ ሆኖ ወጥቶ፣ በደላላ ተመርቶ ድንበር ተሻግሮ የቀረ ልጅ። ስንቅ የለው፣ ወረቀት የለው፣ መሪው የታመነ አይደለም፣ የመንገዱም ሰላም አልታወቀ። ከሁሉም በላይ ግን ምርቃት የለውም፤ እናቱ እንደሄደ አታውቅምና። ዕድሉ ጠበበብኝ የሚለውን ወጣት አንነቅፍም። ችግሩን እናውቃለን። ይሁንና ከላይ ከቆጠርናቸው የጉዞ ዝግጅቶች ውስጥ አንዱም የሌለበት መንገድ ጉዞ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ይህን ስንጽፍ አንድ የራሳችን ነገር ታወሰን። በልጅነታችን ጎንደር ፒያሳ ብስክሌት በሰዓት እንከራይ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኛችን ጋር ተማክረን፣ ለማንም ሳንናገር፣ ወደ አዘዞ ቁልቁል ለቀቅነው። ሲወርድ ክንፍ ያወጣን መሰለን። ሲመለስ ግን ዳገት ሆነ። በመንገድ ላይ ካላማዳሪያው ተበሳ፤ መለጠፊያ የለን፣ ገንዘብ የለን። ብስክሌቱን እየገፋን ቤት ስንደርስ መግሪብ አልፏል። የተከራየንበት ሰዓት ካለቀም ቆይቷል።

እናታችን በሩ ላይ ቆመው ነበር። እንደሚመቱን ጠብቀን አንገታችንን ደፋን። አልመቱንም። እንዲህ ብቻ አሉ፦ “ወዴት እንደሄድክ ባውቅ እኮ መጠበቁ ቀላል ነበር፣ ልጄ። የገደለኝ አለማወቁ ነው።”

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባንም። አሁን ግን ልጆች ስናሳድግ ገብቶናል። ለመሄድ የሚዘጋጀው ሰው ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። የሚቀረውም ይጠብቃል፤ የእሱ መጠበቅ ደግሞ የሚጀምረው የሌላው ካበቃ በኋላ ነው። ብስክሌተኛው ፔዳሉን ሲረግጥ ጭንቀቱ ይወርድለታል፤ የእናት ጭንቀት በዚያች ደቂቃ ይነሳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሩቅ መሄድ እንደሚያስብ ሲነግራችሁ አትሳቁበት። ያቺ አየርላንዳዊት ልጅ ሕልሟን በሆዷ የያዘችው ይሳቁብኛል ብላ ነው። የሚስቁበት ልጅ በሌላ ቀን ሳይናገር ሊወጣ ይችላል። ይልቁንስ “ስንቅህ የት አለ? መንገዱን ማን ያውቃል? ዕዳህን ከፈልክ? መቼ ትመለሳለህ?” ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ራሱ ዝግጅት ነው። ጥያቄውን መመለስ የቻለ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ያልቻለም ቤቱ ተቀምጦ ይማራል።

ወጣቶች ሆይ! ትልቅ መንገድ መመኘት ነውር አይደለም። ቀድሞ ከምዕራብ አፍሪካ በእግር ተነስተው በእኛ ገደል ወርደው መካ የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ግን ሥራ እየሠሩ፣ ወንዝ እስኪጎድል እየጠበቁ፣ ሲራራ እስኪሞላ እየቆዩ ነው የደረሱት። ብስክሌታችሁን ግጠሙ፤ ፍሬኑን ፈትኑ፤ በሶውን አስፈጩ። ከዚያ ደግሞ በየቤቱ ዙሩና አፉ በሉኝ በሉ። የምትሄዱበትን ከተማ ስም፣ የምታድሩበትን ቦታ፣ የምትደውሉበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ለእናታችሁ ስጡ። ያቺ ወረቀት ለእናንተ ምንም ክብደት የላትም፤ ለእሷ ግን ሌሊቱን የምታሳልፍባት ናት።

ድብ ባሕር ላይ ቆሞ አቀበቱን የሚያይ መንገደኛ ውሃውን ሞልቶ፣ ጭነቱን አጥብቆ፣ ፀሐይ እስኪበርድ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የሚያልፈው ሰው “ሰነፈ” ሊለው ይችላል። አልሰነፈም፤ መንገዱን ጀምሯል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ሄደው በሰላም የሚመለሱ ያድርጋቸው። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁትንም ሶብር ይስጣቸው። አሚን።